ስማቸውን አትንገሯቸው፣ ጠይቋቸው

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነው የምሠራው። እዚህ ከተማ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ አማራው ሁሉ አንድ መስኮት ላይ ይሰለፋል። "ፋጡማ አህመድ!" ብለህ ብትጣራ ከአንድ በላይ ሰው ቀና ይላል።

አንድ ጠዋት እግራቸው የቆሰለ እናት ከገጠር መጡ። የቀጠሮ ካርዳቸው ጠፍቷል። ካርድ ቁጥር ከሌለ ያለን መንገድ የስም ማውጫው ነው፤ በራስ፣ በአባትና በአያት ስም በፊደል ተራ የተደረደረው። ተረኛው ባልደረባዬ ፈልጎ አገኘና "ፋጡማ አህመድ አሊ ነዎት?" አላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ፎልደሩ ሄደ።

መርፌ ክፍል የነበረችው ሲስተር ግን ከመውጋቷ በፊት ፎልደሩን ገለጠች። እግዜር ይስጣት! "በኦፕራሲዮን የወለደች" ይላል።

"እማማ፣ በኦፕራሲዮን ወልደው ያውቃሉ?"

"ኧረ እኔ! ሁሉንም ቤቴ ነው የወለድኩት።"

መርፌው ቆመ። የራሳቸውን ፎልደር ፍለጋ ገባን። "ፋጡማ" ሥር የለም። "ፋጢማ" ሥር ተገኘ፤ ያኔ የመዘገባቸው ሰው እንደዚያ ነበር የጻፈው። ሽፋኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ "ፔኒሲሊን አይስማማቸውም" ይላል። የታዘዘላቸው መርፌ ደግሞ ከዚያው ከፔኒሲሊን ወገን ነበር። እሳቸው የመድኃኒቱን ስም ከየት ያውቁታል? ሲጠየቁ "ድሮ አንድ መርፌ ወግተውኝ ፊቴ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮኝ ነበር" አሉ።

የታመመ ሰው፣ ያውም አማርኛ የሚከብደው፣ ለጠየቁት ሁሉ "አዎ" ይላል። ስለዚህ አሁን ስም እኛ አንጠራም። "ስምዎ ማን ነው? የአባትዎ? የአያትዎ?" ብለን ከአፋቸው እንሰማለን። ቀበሌና የልጃቸውን ስልክም እንጠይቃለን። ዕድሜ ብዙ አያስተማምንም፤ በመጡ ቁጥር ሌላ ነው። ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ያለው ስም ከሆነ ማውጫው ላይ ሁለቱም ቦታ ካርድ እናስገባለን፣ የፎልደሩ ቁጥር ግን አንድ ነው።

እኔን በጣም የሚያናድደኝ "ካልተገኘ አዲስ አውጣላቸው" የሚለው ልማድ ነው። አዲሱ ፎልደር ባዶ ነው። በቀይ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ አሮጌው ላይ ተቀብሮ ይቀራል፣ ሐኪሙም በሽተኛው ገና ዛሬ የመጣ ይመስለዋል።

ሰልፉ ረዘመ ብለው የሚቆጡን አሉ። እውነታቸውን ነው፣ በዚያ ላይ የድሬ ሙቀት አለ። እኔ ግን የአያት ስም ሳልሰማ ፎልደር አላወጣም።