ስለ ታው ፕሮቲን ያነበብኩባቸው ሰባት ወራት፦ ያረምኩት አንድ ዓረፍተ ነገር

ስለ አልዛይመር በሽታ ማንበብ የጀመርኩት፣ እንደ ብዙዎቻችሁ፣ በአሚሎይድ በኩል ማለትም በሕሙማኑ አንጎል ውስጥ በሚከማቸው ሌላ ፕሮቲን በኩል ነበር። በመጀመሪያው ማስታወሻዬ ላይ ታውን «አሚሎይድ ጉዳቱን ካደረሰ በኋላ የሚቀር ፍርስራሽ» ብዬ ጽፌው ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ስህተት መሆኑን ለመረዳት ሰባት ወር ወስዶብኛል፤ ወደ እርማቱ ያደረሰኝ መንገድም ከእርማቱ ባልተናነሰ ይጠቅማችኋል ብዬ ስለማምን እንደሚከተለው ጽፌዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሽታውን ትቼ፣ ታው በጤናማ የነርቭ ሕዋስ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ብቻ ለማንበብ ወሰንኩ። ፕሮቲኑ በ1975 በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ በማርክ ኪርሽነር ቤተ ሙከራ ሲገኝ ፍለጋው ከመርሳት በሽታ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም፤ ተመራማሪዎቹ ይጠይቁ የነበረው ቱቡሊን የተባሉት ፕሮቲኖች ተያይዘው ማይክሮቲዩብል የሚባለውን ረጅም ቱቦ እንዲሠሩ የሚያግዛቸው ምን እንደሆነ ነበር። ማይክሮቲዩብሎች በነርቭ ሕዋሱ ረጅም ክንድ ማለትም በአክሰኑ ውስጥ ጭነት የሚመላለስባቸው ሐዲዶች ናቸው፤ ታውም በብዛት የሚገኘው እዚያው ነው። እኔም ታውን ሐዲዱን እንደያዘ ምስማር አድርጌ በደብተሬ ሥዬው ነበር። ሥዕሉ ለጀማሪ ቢረዳም ያሳስታል። አንድ የታው ሞለኪውል በማይክሮቲዩብሉ ላይ የሚቆየው ለሽራፊ ሰከንድ ሲሆን ወዲያው ለቆ ወደ ሌላ ቦታ ይዘላል። ከዚህ በላይ ያስገረመኝ ደግሞ በ1994 ይፋ የሆነው ሙከራ ነው፦ ታው እንዳይኖራቸው ተደርገው የተፈጠሩ አይጦች በሕይወት አደጉ፤ ሌላ ተመሳሳይ ፕሮቲን ክፍተቱን እንደሚሸፍንላቸውም ይታሰባል። ምስማሩ ሲነቀል ሐዲዱ ይፈርሳል ብዬ ለጠበቅኩት ለእኔ ይህ ትልቅ ትምህርት ነበር፤ ጥያቄዬም ታው ሥራውን ሲያቆም ምን ይጎድላል ከሚለው ወደ ታው ሲለወጥ ምን ይሆናል ወደሚለው ዞረ።

ቀጥሎ የመጣውን የታው ዓይነቶች ምዕራፍ አሰልቺ መስሎኝ ዘለልኩት፤ ከሁለት ወር በኋላ ተመልሼ ልማረው ተገድጃለሁና እናንተ አትዝለሉት። በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለው አንዱ የታው ጂን በአዋቂ ሰው አንጎል ውስጥ ከ352 እስከ 441 አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚገነባባቸው ቅንጣቶች) ርዝመት ያላቸው 6 ዓይነት ታዎችን ያስገኛል። ከማይክሮቲዩብል ጋር የሚጣበቀው ክፍል በከፊሎቹ 3 ጊዜ፣ በሌሎቹ 4 ጊዜ ይደጋገማል። በኋላ ታው የሚከማችባቸው የተለያዩ የአንጎል በሽታዎች የሚለዩት በዚህ ሆኖ አገኘሁት፦ በፒክ በሽታ የሚከማቸው ባለ 3 ድግግሞሹ ታው ሲሆን፣ በፕሮግረሲቭ ሱፕራኑክሊየር ፓልሲ እና በኮርቲኮቤሳል ዲጀነሬሽን ባለ 4ቱ ነው፤ በአልዛይመር ግን ሁለቱም አንድ ላይ ይገኛሉ።

በፕሮቲን ላይ ስለሚጣበቀው ፎስፌት ስለተባለው ትንሽ ኬሚካል የሚያወሳው ክፍል የመጀመሪያውን ጽኑ እምነቴን አናጋው። ረጅሙ ታው ፎስፌት ሊጣበቅባቸው የሚችሉ 85 ቦታዎች አሉት፤ በአልዛይመር ሕሙማን አንጎል ውስጥ ያለው ታውም ከጤናማው 3 እስከ 4 እጥፍ የሚሆን ፎስፌት ይሸከማል። ፎስፌት ሲበዛበት ማይክሮቲዩብሉን ይለቃል፤ ከዚህ ተነሥቼ ፎስፌት መርዝ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። ይሁን እንጂ በፅንስ አንጎል ውስጥም ታው ብዙ ፎስፌት እንደሚሸከም፣ የቅዝቃዜውን ወራት በረጅም እንቅልፍ የሚያሳልፉ የመሬት ሽኮኮዎችም በእንቅልፋቸው ጊዜ ፎስፌቱ በታዋቸው ላይ ከፍ ብሎ ሲነቁ ተመልሶ እንደሚወርድ አነበብኩ። ለውጡ የሚመለስ ከሆነ በሽታው ያለው በፎስፌቱ ብዛት ብቻ ሳይሆን መመለስ በማይቻልበት ደረጃ ላይ ነው ማለት ነው። ይህን ያነበብኩበትን ምሽት ከሰባቱ ወራት ሁሉ አብልጬ አስታውሰዋለሁ።

ታው በሕሙማን የነርቭ ሕዋሳት ውስጥ ተከማችቶ የሚሠራቸውን ቋጠሮዎች ታሪክ በፍጥነት አለፍኩት። አሎይስ አልዛይመር በ1906 በብር ቀለም ያያቸውን የተጠላለፉ ክሮች ማይክል ኪድ በ1963 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መርምሮ ጥንድ ሆነው የተጠማዘዙ መሆናቸውን አሳየ፤ ክሮቹ የተሠሩት ከታው መሆኑ የታወቀው ግን በ1980ዎቹ ነው። ሄይኮ ብራክ እና ኤቫ ብራክ በ1991 ቋጠሮዎቹ የሚስፋፉበትን መንገድ በ6 ደረጃ ከፈሉት፤ ኢንቶራይናል ኮርቴክስ ከሚባለው የአንጎል ቅርፊት ክፍል አካባቢ ተነሥተው ለማስታወስ ወሳኝ ወደሆነው ሂፖካምፐስ፣ በመጨረሻም ወደ ሰፊው የአንጎል ቅርፊት ይደርሳሉ። የሕመምተኛውን የማስታወስና የማሰብ ችሎታ መድከም ይበልጥ የሚከተለው የአሚሎይድ ክምችት ሳይሆን ይህ ጉዞ ነው። የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሬን ፈጽሞ የጣለው ማስረጃ ግን የ1998ቱ ነው፦ በታው ጂን ላይ የሚደርስ ለውጥ ብቻውን፣ ያለ አሚሎይድ ክምችት፣ የፊትና የጎን አንጎልን የሚያጠቃ የመርሳት በሽታ እንደሚያመጣ በዚያ ዓመት ታወቀ። ብቻውን መግደል የሚችል ነገር የሌላው ፍርስራሽ ሊባል አይችልም።

ካለፉት ሁለት ወራት አብዛኛውን የወሰደብኝ የእጥፋቱ ማለትም ታው ሲከማች ታጥፎ የሚይዘው ቅርጽ ጉዳይ ነው። በ2017 በካምብሪጅ የሚገኙ ተመራማሪዎች፣ ሾርስ ሼሬስ እና ሚሼል ጎደርት የመሩት ቡድን፣ ከአንድ የአልዛይመር ሕመምተኛ አንጎል የተወሰዱትን ክሮች ናሙናውን በጥልቅ አቀዝቅዞ በሚያሳየው በክራዮ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ቅርጻቸውን ለይተው አወጡ። ከ441ዱ አሚኖ አሲዶች ውስጥ ጠንካራውን የክሩን እምብርት የሚሠሩት ከ306ኛው እስከ 378ኛው ያሉት ናቸው፤ የላቲኑን ሲ ፊደል በሚመስል ቅርጽ ታጥፈው እርስ በርስ ይደራረባሉ። ይህን በንባብ ብቻ መረዳት ስላቃተኝ 73 ቁጥሮች የጻፍኩበትን ረጅም የወረቀት ቁራጭ ሥዕሉን እያየሁ አጣጠፍኩት፤ ይህን መንገድ ለሁላችሁም እመክራለሁ። ያንኑ ወረቀት ፈትቼ የፒክ በሽታን እጥፋት ስሞክር ፈጽሞ ሌላ ቅርጽ ወጣ። ጭንቅላታቸው በተደጋጋሚ በተመታ ሰዎች ላይ የሚታየው በሽታ እጥፋት ደግሞ ለአልዛይመሩ ቢቀርብም አፉ ሰፋ ያለ ነው። ፕሮቲኑ ያው ሆኖ ሳለ ከእነዚህ በሽታዎች እያንዳንዱ የራሱ እጥፋት አለው። በ2009 በአይጦች ላይ የተደረገ ሙከራ የታመመ ታው ጤናማውን ወደ ራሱ እንደሚለውጥና ከተሰጠበት ቦታ እየራቀ እንደሚሄድ አሳይቶ ስለነበር፣ እጥፋቱ ሌሎች ታዎችም እንዲይዙት የሚያደርግ ቅርጽ መሆኑን የተረዳሁት ወረቀቱን በእጄ ይዤ ነው።

ይህን ካወቅኩ በኋላ ስለ ምርመራና ሕክምና የማነበው ሁሉ ተለወጠብኝ። በ2020 በአሜሪካ የተፈቀደው ፍሎርታውሲፒር የተባለው፣ በፔት (በሕይወት ያለን ሰው አንጎል በሚያነሣ የምርመራ መሣሪያ) ታውን የሚያሳይ መድኃኒት የአልዛይመርን እጥፋት በደንብ ሲይዝ ሌሎቹን አጥርቶ አያሳይም። ታውን ከሕዋሳት ውጭ ለመያዝ የተሞከሩ በርካታ ፀረ እንግዳ አካላት በሰው ላይ የተጠበቀውን ውጤት አላስገኙም፤ ከእነርሱም በርከት ያሉት የሚይዙት የታውን የመጀመሪያ ጫፍ እንጂ የሚታጠፈውን እምብርት እንዳልነበረ ሳነብ ወደ ወረቀቴ ተመለስኩ።

አሁን ያለሁበት ጥያቄ አንድ ነው። በብዙ አረጋውያን ኢንቶራይናል ኮርቴክስ አካባቢ የታው ቋጠሮ አሚሎይድ ሳይኖርም ይገኛል፤ በአብዛኛው እዚያው ይወሰናል። አሚሎይድ ሲጨመር ግን ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ቀሪው ቅርፊት ይዛመታል። ሁለቱ ክምችቶች የሚጀምሩት በተለያየ የአንጎል ክፍል ሆኖ ሳለ አንዱ ለሌላው መንገድ የሚከፍተው እንዴት እንደሆነ በሚቀጥሉት ሳምንታት አነባለሁ፤ ማይክሮግሊያ ስለተባሉት የአንጎል ተከላካይ ሕዋሳት የሚተርኩትን ጥናቶች አስቀድሜ ለይቻለሁ፤ የወረቀት እጥፋቶቹንም ለየበሽታው እየለጠፍኩ ደብተሬ ላይ አኑሬአቸዋለሁ።