የተገኘው ስፐርም የማን ነው?

የአይጠ መጎጥ ግንደ ሕዋሳት፣ ማለትም ስፐርም የሚመነጭባቸው ሕዋሳት፣ ወደ አይጥ ቆለጥ ከተዛወሩ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። ቴክኒሻኑ የአንዱን አይጥ ኤፒዲዲሚስ፣ ማለትም ስፐርም የሚከማችበትን ጥምዝምዝ ቱቦ፣ ቆራርጦ ሞቅ ያለ ፈሳሽ ውስጥ ነከረው። ጠብታዋን በማይክሮስኮፕ ሲያያት ስፐርም ይርመሰመስባታል። ባልደረቦቹ በደስታ ተሰበሰቡ። የምርምሩ ኃላፊ ግን አይታ ርዝመቱ እንዲለካ አዘዘች። የአይጠ መጎጥ ስፐርም ከራስ እስከ ጭራ 190 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ ራሱም ቀጥኖ እንደ ማጭድ ይጎብጣል። የአይጥ 120 ገደማ ሲሆን ራሱ አጠር፣ ሰፋ ይላል። የተለካው ሁሉ 120 አካባቢ ሆነ። አይጡ ያመረተው የራሱን ነበር።

በዚህ ሙያ እንዲህ ያለው ገጠመኝ እንግዳ አይደለም። ግንደ ሕዋሳትን ወደ ሌላ ቆለጥ አዛውሮ ስፐርም ማስመረት እንደሚቻል በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ራልፍ ብሪንስተርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 አሳዩ፤ በ1996 ደግሞ የአይጠ መጎጥ ስፐርም በአይጥ ውስጥ ተመረተ። ተቀባዩ አይጥ የበሽታ መከላከያው የተዳከመ መሆን አለበት፤ አለዚያ ባዕዱን ሕዋስ ያጠፋዋል። የራሱ ግንደ ሕዋሳትም አስቀድመው መወገድ አለባቸው። ለዚህ የሚውለው ቡሱልፋን የተባለው የካንሰር መድኃኒት ነው፤ ብዙ ጊዜ በኪሎግራም ክብደት ከ40 እስከ 50 ሚሊግራም ሆድ ውስጥ ይወጋና ቢያንስ አራት ሳምንት ይጠበቃል።

ችግሩ የተፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ቡሱልፋን በውኃ በቀላሉ አይሟሟም። መጀመሪያ ዲኤምኤስኦ በሚባል አሟሚ ፈሳሽ ይሟሟል፣ ከዚያ እኩል መጠን ያለው ሞቅ ያለ ውኃ ይጨመርበታል። በመጨረሻ በሚሊሊትር 4 ሚሊግራም እንዲሆን ከተዘጋጀ፣ 25 ግራም ለሚመዝን አይጥ በ40 ሚሊግራም ስሌት የሚደርሰው ሩብ ሚሊሊትር ነው። ድብልቁ ከቀዘቀዘ ግን መድኃኒቱ ነጭ ደቃቅ ክሪስታል ሆኖ ይዘቅጣል። መርፌው ውስጥ ያለው መጠን አልተለወጠም፣ አይጡ የሚያገኘው መድኃኒት ግን ቀንሷል። መዝገቡ ሲገለጥ ስፐርም የተገኘባቸው አይጦች በሙሉ በተራው መጨረሻ የተወጉት ነበሩ። ጠርሙሱ ሞቅ ባለ ውኃ ውስጥ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ነበር የቆየው። ለማካካስ ብሎ መጠኑን መጨመርም መፍትሔ አይሆንም፤ መቅኔያቸው ተጎድቶ አይጦቹ ይሞታሉ።

ከሁሉ የሚያስቆጨው ግን ቡሱልፋን ብቻ ተወግተው ሕዋስ ያልተዛወረላቸው ማነጻጸሪያ አይጦች አለመቀመጣቸው ነው። ሁለት ሦስት እንኳ ቢኖሩ ኖሮ፣ የአይጦቹ የራሳቸው ምርት ማገገሙ ማንም ስፐርም ሳይለካ ይታወቅ ነበር።

ቀኑም ራሱ ማስጠንቀቂያ ነበር። ከግንደ ሕዋስ እስከ ስፐርም ያለው ጉዞ በአይጥ 35፣ በአይጠ መጎጥ 52 ቀን ገደማ ይፈጃል። የሚንከባከቡት ሰርቶሊ ሕዋሳት የአይጥ ቢሆኑም የአይጠ መጎጡ ሕዋስ የራሱን ፍጥነት ይዞ ይቀጥላል። ሕዋሱ ስፐርም በሚመረትበት የቆለጡ ቱቦ ግድግዳ ሥር የሚሰፍርበትና ስፐርሙ ኤፒዲዲሚስን የሚያቋርጥበት ጊዜ ሲደመር በሁለት ወር መጠበቅ አይገባም ነበር። ከሦስት ወር በኋላ መፈለግ ይሻላል።

በሚቀጥለው ዙር ድብልቁ ሙቀቱን ጠብቆ ተያዘ፣ ማነጻጸሪያ አይጦች ተለዩ፣ ለጋሾቹም አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን ያላቸው አይጠ መጎጦች ሆኑ። የማዛወሩ ሥራ እንደ ቀድሞው ቀጠለ፤ ቆለጡ ኮላጅኔዝ ከዚያም ትሪፕሲን በተባሉ ኢንዛይሞች ይበተናል፣ ከሞቱ ሕዋሳት የሚወጣው ዲኤንኤ ሌላውን እንዳያጣብቅ ዲኤንኤን የሚቆራርጥ ዲኤንኤዝ ይጨመራል፣ በ40 ማይክሮሜትር ወንፊት ይጠለላል። ወደ 10 ማይክሮሊትር የሚሆነው ከቆለጡ በሚወጣው ቀጭን ቱቦ በኩል በቀጭን የመስታወት ፒፔት ቀስ ብሎ ይገባል። ትራይፓን ብሉ የተባለ ሰማያዊ ቀለም የሚጨመርበት ቱቦዎቹ ሲሞሉ እንዲታይ ነው፤ ሰማያዊው በቱቦዎቹ መካከል ከፈሰሰ ግድግዳው ተቀዷል፣ ያ ቆለጥ አይቆጠርም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለአቅመ አዳም ሳይደርሱ መካን ሊያደርጋቸው የሚችል የካንሰር ሕክምና የሚሰጣቸው ወንዶች ልጆች ጉዳይ ስለሆነ ነው። ስፐርም ገና ስለሌላቸው የሚቀመጥላቸው ቁራጭ የቆለጥ ሥጋ ነው፤ በውስጡ ግንደ ሕዋሳት መኖራቸው የሚፈተነውም አይጥ ላይ ነው። የሰው ሕዋሳት በአይጥ ቆለጥ ውስጥ ለወራት ይቆያሉ፣ እስከ ስፐርም ግን አይዘልቁም። ስለዚህ በዚያ ፈተና ስፐርም ከታየ የአይጡ ነው፤ መጀመሪያ መመርመር ያለበትም የቡሱልፋኑ አዘገጃጀት ነው።