ባዶ ቦታ የሚባል ነገር የለም

ሰው ለቆት የነበረ ሰፈር መልሶ ነፍስ ሲዘራ ማየት ደስ ይላል። እኔም እንዲህ ባለ አንድ መንገድ ላይ፣ ቤታቸው ፈርሶ ለዓመታት ሣር የበቀለባቸው ሦስት ቦታዎች ላይ ሦስት ቤት ነድፌ አሠርቻለሁ። የመጀመሪያውን አበላሽቼዋለሁ። ሁለተኛው ደህና ነው። ሦስተኛውን እወደዋለሁ።

የመጀመሪያው ስህተቴ ቦታውን ባዶ ነው ብዬ መነሳቴ ነው። ላዩ ሣር ነው፣ ከሥሩ ግን የድሮው ቤት ተቀብሯል። ያፈረሱት ሰዎች ጡቡንም፣ እንጨቱንም፣ በሩንም ሳይቀር ምድር ቤቱ ውስጥ ገፍተው አፈር አልብሰውት ሄደዋል። መሠረት ስንቆፍር አንዱ ጥግ ድንጋይ ነው፤ ሌላው ጥግ ላይ አካፋው ያለምንም ችግር ይገባል። ፎርማኑ «ይሄ ነገር አላማረኝም» አለኝ። ጊዜ እየሄደብኝ ስለነበር ትንሽ ጠለቅ እናድርገውና እንቀጥል አልኩት። ዓመት ሳይሞላ ከሳሎኑ መስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ ወደ ላይ የሚወጣ ስንጥቅ ታየ። መጀመሪያ ፀጉር ያክል ነበር። የዝናቡ ወራት ሲያልፉ ሳንቲም ያስገባ ጀመር። የተቀበረው እንጨት ሲበሰብስ ከሥር ክፍተት ፈጥሮ ነበር፣ ቤቱም በዚያ በኩል ሰመጠ። ቤቱን የገዙት ሰዎች ያለጥፋታቸው ስንት ወር አቧራ ውስጥ እንደኖሩ ሳስብ እስካሁን ይከነክነኛል።

ከዚያ ወዲህ ፕላን ከመሳሌ በፊት አራቱ ጥግና መሃሉ ላይ የሙከራ ጉድጓድ አስቆፍራለሁ። ፍርስራሽ ከተገኘ ሙልጭ አድርጎ ማውጣት ነው፣ ሌላ መፍትሔ የለውም። ሙሌቱም አንዴ ተደፍቶ አይተውም፤ ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር እየተነጠፈ፣ እያንዳንዱ ንጣፍ እየተጠቀጠቀ ነው የሚወጣው። አፈሩንም አስመርምሩ። ከድሮ የቤት ቀለምና ከድሮው ቤንዚን የተረፈ ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት እንዲህ ባሉ ቦታዎች በብዛት ይገኛል፣ ልጆች ደግሞ እዚያው አፈር ላይ ነው የሚጫወቱት።

ሁለተኛው ጉዳይ የጎረቤት ግድግዳ ነው። ሁለተኛው ቦታ ላይ አጠገቡ ያለው ቤት ጎኑ ተገልጦ ቆሟል። የፈረሰው ቤት ደረጃ ግድግዳው ላይ በሰያፍ አሻራውን ትቷል፣ ከፍ ብሎ ደግሞ አበባ ያለበት የግድግዳ ወረቀት ቁራጭ ተለጥፎ ቀርቷል። የአንድ ሰው መኝታ ቤት ነበር እኮ። ይህ ግድግዳ ዝናብ እንዲመታው ተብሎ የተሠራ ስላልሆነ ውሃ ሲመጥ ኖሯል። ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ጠገንን፣ ከዚያ ከሥሩ ያለውን መሠረት ርዝመቱን በሙሉ በአንዴ ሳንከፍት አንድ አንድ ሜትር ያህል እየዘለልን ቆፍረን እየሞላን ሄድን። ያዘገያል። ግን የጎረቤት ቤት ከነነፍሱ ይተርፋል።

አሁን ወደ ፊት ለፊቱ ልምጣ፣ ይህ ነው ብዙ ያስተማረኝ። የመጀመሪያውን ቤት ከመንገዱ አራት ሜትር አስገብቼ፣ ፊቱን የመኪና ማስገቢያ በር አድርጌ፣ መስኮቶቹን ከሰው ቁመት በላይ ሰቅዬ ነበር የሠራሁት። ለደህንነት ብዬ ነው። ሲያልቅ ከማዶ ያሉት አዛውንት ጎረቤት በረንዳቸው ላይ ሆነው አዩትና «ልጄ፣ ይሄ ቤት ጀርባውን ነው የሰጠን» አሉኝ። ደግመው ምንም አላሉም። ሰፈሩ ሰው አጥቶ በኖረበት መንገድ ላይ ሌላ ሰው የማይታይበት ግድግዳ ጨምሬባቸው ነበር።

ለሁለተኛው ቤት ግን ሜትር ይዤ መንገዱን በእግሬ ዞርኩ። የቆሙትን ቤቶች የወለል ከፍታ፣ የመስኮት ደፍ፣ የጣሪያ ክፈፍ፣ ከመንገድ ያላቸውን ርቀት አንድ በአንድ ጻፍኩ። ኮፒ ለማድረግ አይደለም። የድሮ ቤቶች ስለ ቦታው የሚያውቁት ነገር አለ። የአሜሪካዋ ከተማ ኒው ኦርሊንስ እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና በተባለው አውሎ ነፋስ ከተመታች በኋላ ስም ባላቸው አርክቴክቶች የተነደፉ ከ100 በላይ አዳዲስ ቤቶች ተሠርተው ነበር። ያን ያህል ዝናብ ባለበት ከተማ አንዳንዶቹ ጠፍጣፋ ጣሪያ ነበራቸው፣ በቂ ክፈፍና አሸንዳም አልነበራቸውም። እንጨቱ በሰበሰ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ነዋሪዎቹ ፍርድ ቤት ሄዱ። እዚያው ከተማ ያሉት የድሮ ቤቶች ግን ጣሪያቸው ዘመም ያለ፣ ክፈፋቸው ወጣ ያለ ነው። እኔም ክፈፌን ከጎረቤቶቹ ጋር እኩል አወጣሁት፣ ወጥ ቤቱን ወደ መንገድ አዞርኩት። ምግብ የሚሠራ ሰው መንገዱን ያያል፣ መንገደኛም መብራት ያያል።

ሦስተኛው ቤት ለአነስተኛ ገቢ ቤተሰብ ነበር፣ በጀቱም አይበቃም። ያኔ ትዝ ያለኝ የቺሊው አርክቴክት አሌሃንድሮ አራቬና ኢኪኬ ከተማ ላይ የሠራው ነው። ወደ 100 የሚጠጉ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ለአንድ ቤተሰብ የተመደበው 7,500 ዶላር ገደማ ነበር። ወደ ከተማ ዳር በመውሰድ ፈንታ እዚያው የኖሩበት ቦታ ላይ የጥሩ ቤት ግማሽ ተሠራላቸው። ከባዱን፣ ማለትም መሠረቱን፣ ደረጃውን፣ ወጥ ቤቱንና መታጠቢያውን አሠርቶ ቀሪውን ነዋሪዎቹ እንዲጨርሱት ተወላቸው። እኔም እንዲሁ አደረግኩ፤ መሠረቱን ለሁለት ፎቅ አስልቼ ታችኛውን ብቻ ጨረስኩ። ለላይኛው የሚሆነውን ፌሮ ግን ዝም ብዬ አላቆምኩትም፣ እንዳይዝግ ደካማ ኮንክሪት አልብሼዋለሁ።

ባለፈው ወር ቤተሰቡ ደውሎ «ላይኛውን ልንጀምር ነው» አለኝ። ሄጄ ኮንክሪቱን በመዶሻ ቀስ ብለን አራገፍነው። ፌሮው ንጹህ ነበር። ልጃቸው መስኮቱ በየት በኩል ይሁን ስትል ጠየቀችኝ። ወደ ማዶው በረንዳ ብታደርጉት አልኳት። እሷ ለካ ቀድማ በኖራ ምልክት አድርጋበታለች።