የግል መርማሪ መሆን ካማረህ

ካፖርቱ፣ ጥቁር መነጽሩና የመኪና ማሳደዱ ከሆነ የሳበህ፣ ከአሁኑ ተወው። ይሄ ሥራ በአብዛኛው መቀመጥ ነው። መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ አንድ በር ላይ ማፍጠጥ፣ መዝገብ ማገላበጥ፣ ከዚያ ያዩትን መጻፍ። ደንበኞቹም ባሏን የጠረጠረች ሚስት ብቻ አይደሉም። ጠበቆችና የኢንሹራንስ ድርጅቶች ብዙ ሥራ ይሰጣሉ። ወገቤን ተጎዳሁ ብሎ ካሳ የጠየቀው ሰውዬ ሶፋ ተሸክሞ ደረጃ ይወጣል ወይ? ተበድሮ የተሰወረውስ የት ገባ? ጥያቄው እንዲህ ያለ ነው።

ፈቃዱ እንደየአገሩ ይለያያል። ካሊፎርኒያ ላይ 6,000 ሰዓት የተከፈለበት የምርመራ ልምድ ትጠየቃለህ፣ ማለትም ሦስት ዓመት ገደማ (በሕግ ወይም በፖሊስ ሳይንስ የተመረቀ ይቀነስለታል)፣ በዚያ ላይ ፈተና አለ። ልምድ ከሌለህ የኢንሹራንስ ካሳ ጥያቄ የሚያጣራ ክፍል ወይም የመርማሪ ድርጅት ውስጥ ተቀጥረህ ጀምር። ለሴት አይሆንም የሚልህን አትስማ፤ ኬት ዋርን የምትባል ሴት ፒንከርተን የተባለው የአሜሪካ የግል መርማሪ ድርጅት ውስጥ የተቀጠረችው እ.ኤ.አ. በ1856 ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በል፤ መርማሪ ፖሊስ አይደለም። ሰው ቤት ዘው ማለት፣ ስልክ መጥለፍ፣ የሰው ደብዳቤ መክፈት አይፈቀድልህም። እ.ኤ.አ. በ2006 የአሜሪካው ኮምፒውተር አምራች ሂውሌት ፓካርድ ከቦርዱ ወሬ የሚያሾልከው ማን እንደሆነ ለማወቅ መርማሪ አሰማራ። መርማሪዎቹም የቦርድ አባላቱንና ጋዜጠኞችን መስለው ስልክ ኩባንያዎችን እያታለሉ የጥሪ ዝርዝራቸውን አወጡ። ጉዱ ሲወጣ የቦርዱ ሊቀመንበር ለቀቁ፣ ክስም ተከተለ፣ አሜሪካም እንዲህ ያለውን ማጭበርበር ለይቶ የሚከለክል የፌዴራል ሕግ አወጣች። መረጃውን ማግኘት ቀላሉ ነው፤ ፍርድ ቤት የሚቀበለው መሆኑ ላይ ነው ጣጣው።

ስለዚህ እኔን ብትጠይቀኝ ከካሜራው በፊት ሪፖርት መጻፍ ተማር። «ተናዶ ወጣ» አይባልም። መናደዱን በምን አወቅህ? «ከቀኑ 9:10 በሩን በኃይል ዘግቶ ወጣ፣ ወደ ቀኝ ታጠፈ» ብለህ ጻፍ። ከወራት በኋላ የተቃራኒ ወገን ጠበቃ በመስቀለኛ ጥያቄ ሲያፋጥጥህ የሚያድንህ ይሄ ነው፣ ጎበዝ መርማሪና ወሬኛ የሚለዩትም እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ደንበኛም ይመረጣል። «ሚስቴ ጠፋችብኝ፣ ፈልግልኝ» የሚል ሰው ሲመጣ፣ ሴትዮዋ ጠፍታ ሳይሆን ከዱላ ሸሽታ ሊሆን ይችላል። ጠንቃቃ መርማሪ ቢያገኛት እንኳ አድራሻዋን ዝም ብሎ አያስረክብም። መጀመሪያ እሷን ይጠይቃል፤ አልፈልግም ካለች ለሰውየው የሚነገረው በሕይወት መኖሯ ብቻ ነው፣ እሱም እሷ ከፈቀደች። ይሄን ስምምነት ደግሞ ቀብድ ከመቀበልህ በፊት በጽሑፍ አስፈርመው።