ከጉድጓዱ ውጭ የቆመው ጃርት ለምን ይጎዳል?

እኔና ታናሽ እህቴ ደሴ ቤታችን ውስጥ አንድ ላፕቶፕ ላይ ተራ እየተቀባበልን የምንጫወተው ጌም ሄጅዋርስ ይባላል። ነፃ ነው፣ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ አሮጌ ማሽን ላይም ይሠራል። መብራት ቢጠፋ እንኳ ባትሪው እስኪያልቅ ያጫውታል።

ጌሙ በ1995 እንደወጣው ወርምስ የሚባል ጌም ያለ ነው፦ የሚቆፈር መሬት፣ ከታች ውሃ፣ በየተራ የሚተኳኮሱ ሁለት የጃርት ቡድኖች፣ ለአንድ ተራ 45 ሰከንድ። ጃርቱ 100 የሕይወት ነጥብ ይዞ ይጀምራል፤ ባዙካ የሚባለው ሮኬት መተኮሻ በቀጥታ ሲያገኘው እስከ 50 ይወስድበታል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ በቀጥታ ሳያገኘው ሲቀር የሚሆነው ነው። አንዳንዴ 30፣ አንዳንዴ 12 ይቀነሳል። አንዳንዴ ደግሞ ፍንዳታው የቆፈረው ጉድጓድ ጃርቱ ጋ ሳይደርስ ነጥቡ ይወርዳል። እህቴ «ጋሼ፣ እኔን እኮ አልነካኝም!» ብላ ትጮሃለች፤ ዓይኗ ያየው እውነት ነው፣ ነጥቧም በእርግጥ ቀንሷል።

በግምት ከመከራከር ኮዱን ማየት ይሻላል ብዬ አወረድኩት። ሄጅዋርስ ክፍት ኮድ ነው፤ ሞተሩ፣ ማለትም ጨዋታውን የሚያንቀሳቅሰው ክፍል፣ የተጻፈው ፍሪ ፓስካል በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ፓስካልን የማያውቅ ሰውም ቢሆን ፍንዳታን የሚያሰላውን ክፍል ቀስ ብሎ ካነበበው ይገባዋል። የባዙካ ፍንዳታ ራዲየስ 50 ፒክሰል (የስክሪን ነጥብ) ነው፤ መሬቱ የሚቆፈረውም በዚያው ልክ ነው። ጉዳቱ የሚሰላው ግን በሌላ መንገድ ነው። ራዲየሱ በሁለት ይባዛል፣ የጃርቱ የራሱ ራዲየስ ግማሽ ይደመርበታል፣ ድምሩ 104 ይመጣል። ከዚህ ላይ ከፍንዳታው መሃል እስከ ጃርቱ ያለው ርቀት ይቀነሳል፤ የቀረው ለሁለት ይካፈላል፤ ውጤቱ ከ50 ከበለጠ 50 ላይ ይቆማል።

ስለዚህ ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ፣ ከመሃሉ 50 ፒክሰል ርቆ የቆመ ጃርት 27 ነጥብ ያጣል። 80 ፒክሰል የራቀውና እግሩ ሥር ያለው ሣር እንኳ ያልተነካበት 12 ያጣል። በመሃላቸው ግድግዳ ይኑር አይኑር ስሌቱ ከቁጥር አያስገባውም፤ የሚለካው ርቀት ብቻ ነው። በስስ ግድግዳ ተከልሎ የቆመ ጃርት ተደበቀ የሚባለው ከዓይን እንጂ ከፍንዳታ አይደለም። ይህን ካወቅኩ ጀምሮ ጃርቱ ላይ ማነጣጠር ትቼ፣ ፍንዳታው የት ቢያርፍ እንደሚጠቅመኝ ነው የማስበው።

ለዚህ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ፤ ግፊያው። ፍንዳታ ጃርቱን ይወረውረዋል። ከግራው ከፈነዳ ወደ ቀኝ፣ ከበታቹ ከፈነዳ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ጉዳቱ በጨመረ ቁጥር ግፊያውም ይጨምራል። ከከፍታ ሲወድቅ ተጨማሪ ነጥብ ይቀነስበታል፣ ውሃ ውስጥ ከገባ ደግሞ 100 ነጥብ ቢኖረውም አለቀለት። ውሃ ዳር የቆመን ጃርት ፊት ለፊት መምታት ብዙ ጊዜ ብክነት ነው። ከየብሱ በኩል፣ ከእግሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ የፈነዳ ባዙካ 30 ብቻ ቢወስድበትም ጨርሶ ለውሃው ሊያስረክበው ይችላል።

ጥይቱን ወደፈለግኩት ቦታ ማድረሱ ሌላ ሥራ ነበር። ከጨዋታው ቅንብር ነፋሱን አጠፋሁት። ማነጣጠሪያውን አንድ ቦታ አቁሜ ኃይሉን ብቻ ለዋወጥኩ፤ ቀጥሎ ኃይሉን አቁሜ አንግሉን። ሁለቱን አንድ ላይ የሚነካካ ሰው ጥይቱ ለምን እንደሳተ በጭራሽ አያውቅም። የስፔስ ቁልፉን ተጭኖ መቆየት የጥይቱን ፍጥነት ይጨምራል፤ ርቀቱ ግን የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው። የኃይሉ ግማሽ የሚያደርሰው የርቀቱን ሩብ ብቻ ነው። ግማሽ ሜዳ ለማቋረጥ ከሙሉው ኃይል 70 በመቶ ያህል ያስፈልጋል። ተኳሹና ዒላማው እኩል ከፍታ ላይ ከሆኑ ሩቅ የሚያደርሰው 45 ዲግሪ ነው፤ 30 እና 60 ዲግሪ ደግሞ አንድ ቦታ ያርፋሉ። ዒላማው ከታች ሲሆን ከ45 ዝቅ ማለት ይሻላል፤ ከአዝዋ ገደል አፋፍ ድንጋይ የወረወረ ልጅ ይህን ያለ ሒሳብ ያውቀዋል።

ነፋሱን መልሼ ስከፍተው ነገሩ ተደበላለቀ። ያቃናልኝ ኮምቦልቻ ምህንድስና የሚማር ጓደኛዬ ነው፤ ቅዳሜ ወደ ደሴ ሲወጣ እኛ ጋ ይመጣል። «አቦ፣ ነፋሱን እንደ ሁለተኛ ስበት ቁጠረው» አለኝ። ኮዱም የሚለው ይህንኑ ነው። ጥይቱ አየር ላይ እስካለ ድረስ ስበቱ ወደ ታች ባለው ፍጥነቱ ላይ፣ ነፋሱ ደግሞ ወደ ጎን ባለው ላይ በየቅጽበቱ ያንኑ ያህል ይጨምራሉ። ስለዚህ ነፋሱ ጥይቱን የሚያርቀው በቆይታው ጊዜ ካሬ ልክ ነው። ጊዜው እጥፍ ሲሆን መንሸራተቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ነፋስ በሌለበት አንድ ቦታ የሚያርፉት የ30 እና የ60 ዲግሪ ተኩሶች ነፋስ ሲኖር ይለያያሉ፤ የ60ው የሚነዳው ከ30ው ሦስት እጥፍ ነው። ነፋሱ ሲበረታ ዝቅ አድርጌ የምተኩሰው በዚህ ምክንያት ነው። ነፋሱ ወደ ዒላማው ሲነፍስ ግን ከፍ አድርጌ ለቅቄ ሥራውን ለነፋሱ እተውለታለሁ። ሁለቱ ስበቶች ሲደመሩ ወደ ጎን ያዘነበለ አንድ ስበት ይሆናሉና፣ ትክክል በተቃራኒው አቅጣጫ የተተኮሰ ጥይት በሄደበት መስመር ተመልሶ ተኳሹ ላይ ይወድቃል። ይህን ሆን ብለን ሞክረን አይተነዋል፤ በጣም ደስ ይላል።

የእጅ ቦምብ ነፋስ አይነካውም። ከ1 እስከ 5 ባሉት ቁልፎች ሰከንዱ ይመረጣል፤ ጃርት ቢነካም ሰዓቱ እስኪሞላ አይፈነዳም። የሚያስቸግረው መንጠሩ ነው፤ በነጠረ ቁጥር ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ተዳፋት ካገኘም መንከባለል ይጀምራል። ሾትገን ላይ ብዙ የሚባል የለም፤ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ በአንድ ተራ ሁለቴ ይተኮሳል፣ እያንዳንዱ እስከ 25 ይወስዳል።

ለመጀመሪያ የሚሞክር ሰው ከሌላ ሰው ጋር ከመጋጠሙ በፊት ጌሙ ውስጥ ወዳለው የዒላማ መለማመጃ ቢገባ ጥሩ ነው። ተራው ሲደርሰው ደግሞ መጀመሪያ ከታች በቀኝ በኩል ያለችውን የነፋስ ምልክት፣ ቀጥሎ በዒላማው ዙሪያ ውሃው በየት በኩል እንዳለ ይይ፤ መሣሪያ የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው።

እህቴ ስሌቱን ካስረዳኋት ወዲህ ጃርቶቿን አራርቃ ነው የምታቆመው። በሁለቱ መካከል ከ208 ፒክሰል በላይ ካለ አንድ ባዙካ ሁለቱንም ሊያገኝ አይችልም፤ ልኩን በራሷ ነው ያወጣችው። ከግድግዳ ጀርባም መደበቅ ትታለች። እኔ አሁን የያዝኩት ተዳፋት ላይ የሚንከባለለውን ቦምብ ነው፦ ሰከንዱን 2 ላይ አድርጌ ከጃርቷ ከፍ ያለ ቦታ ላይ እጥለውና ተንከባሎ የት ሲደርስ እንደሚፈነዳ እመዘግባለሁ።