ግሩፕ ውስጥ ግሩፕ፦ የፎልደር ፈቃዳችንን እንዴት መልክ እንዳስያዝኩት

የምሠራው ድሬዳዋ ከዚራ በሚገኝ የትራንዚት ድርጅት ነው። ነጻ የንግድ ቀጠናው ውስጥና የጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው ደወሌ ኬላም ሠራተኞች አሉን። ሰነዶቻችን ጉግል ወርክስፔስ (የጉግል የቢሮ ኢሜይልና ፋይል አገልግሎት) ላይ ናቸው፤ ማን ምን እንደሚያይ የምቆጣጠረው እኔ ነኝ። ወደብ ላይ የቆመ ኮንቴይነር ኪራይ ስለሚቆጥር፣ ደወሌ ያለው ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) የዲክላራሲዮን፣ ማለትም የጉምሩክ መግለጫ ፎልደር አልከፈት ሲለው ጉዳዩ የገንዘብ ጉዳይ ነው።

ሥራውን ከሥሩ እንድፈትሽ ያደረገችኝ የሒሳብ ኃላፊያችን ናት። «አቦ፣ ይሄ ልጅ ያለው ደወሌ! ፔይሮሉን በየት በኩል አየው?» አለችኝ፤ የደመወዝ ዝርዝሩን ማለቷ ነው። ጥያቄው ትክክለኛ ነበር። ፎልደሩ ሼር የተደረገላቸው ዝርዝር ውስጥ የልጁ ስም የለም፤ ያለው «ፋይናንስ» የሚል ግሩፕ፣ ማለትም በአንድ ስም የተሰበሰቡ ተጠቃሚዎች ዝርዝር፣ ብቻ ነው። ፋይናንስን ስከፍተው «ፔቲ ካሽ» (ለጥቃቅን ወጪ የሚያዝ ገንዘብ) የሚል ሌላ ግሩፕ እንደ አንድ አባል ተቀምጧል። ፔቲ ካሽ ውስጥ ደግሞ የደወሌ ቢሮ በሙሉ አለ። ለትልቁ ግሩፕ የተሰጠ ፈቃድ ውስጡ ላሉት ግሩፖች ሁሉ ይደርሳል፤ ገጹ ላይ ግን የሚታየው የግሩፑ ስም እንጂ ሰዎቹ አይደሉም።

ግሩፖቹን ለሁለት ከፈልኳቸው። አንዱ ዓይነት ሰውየው ማን እንደሆነ ይናገራል፦ «የደወሌ ትራንዚተሮች»፣ «ሒሳብ ክፍል»። ሌላው ምን እንደሚፈቀድ ይናገራል፦ «ፔይሮል ማየት»፣ «ዲክላራሲዮን ማረም»። ሰው የሚገባው በመጀመሪያው ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ሁለተኛው ውስጥ ይገባል፤ ፎልደር ሼር የሚደረገው ለሁለተኛው ብቻ ነው። ከዚያ በላይ መደራረብ የለም። አክቲቭ ዳይሬክተሪ (የማይክሮሶፍት የተጠቃሚዎችና የፈቃድ መቆጣጠሪያ) ላይ የሠሩ ሰዎች ኤጂዲኤልፒ ከሚሉት የቆየ አሠራር የተወሰደ ነው፤ ለትንሽ ቢሮም በደንብ ይሠራል። የደወሌ ልጆች አሁን በራሳቸው ግሩፕ በኩል «ፔቲ ካሽ መሙላት» ውስጥ እንጂ ፋይናንስ ውስጥ የሉም።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። በሁለት መንገድ ፈቃድ ያገኘ ሰው የሚሠራለት ከፍተኛው ነው። በአንዱ ግሩፕ ማኔጀር የሆነን ሰው በሌላው ቪወር (ማየት ብቻ የሚችል) ብታደርጉት ምንም አይቀንስበትም፤ ከፍተኛው የመጣበትን መንገድ ፈልጎ መዝጋት ያስፈልጋል። ፔይሮልን ለብቻው በራሱ ሼርድ ድራይቭ (የራሱ አባላት ያሉት የጋራ የፋይል ማስቀመጫ) ያስቀመጥኩት ለዚህ ነው።

ከግሩፕ ማስወጣትም ሁልጊዜ ወዲያው አይሠራም፤ ለውጡ ሁሉም ቦታ እስኪደርስ እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ሠራተኛ ሲለቅ መጀመሪያ አካውንቱን አግዳለሁ፣ ግሩፑን ከዚያ አጸዳለሁ።

ከሁሉ የጠቀመን ግን የግሩፑ መግለጫ ቦታ ላይ ባለቤቱን መጻፍ ነው። ፔይሮልን ማን ይይ የሚለውን የምትወስነው የሒሳብ ኃላፊዋ ናት፤ እኔ የምፈጽመው እሷ በኢሜይል ስትፈቅድ ነው። ሥራ አስኪያጁም ቢሆን ሰው እንዲገባ ሲፈልግ የሚጠይቀው እሷን ነው።

ማይክሮሶፍት ላይ ላላችሁ፦ ማይክሮሶፍት 365 ግሩፕ ሌላ ግሩፕ በአባልነት አይቀበልም። ይህን አደረጃጀት እዚያ ልትሠሩት ከፈለጋችሁ በሴኪዩሪቲ ግሩፕ ጀምሩ።