በገንኩ

ዛሬም ያው ነኝ። ስልክ ተደውሎልኝ አበገነኝ፣ ዝርዝሩን አልደግመውም። እንደዘጋሁ «በገንኩ!» አልኩ፣ ለግድግዳው። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ግን አለቀቀኝም። በገነ፣ በገና።

ዝምድና አላቸው ብዬ አልከራከርም። ግን ሳኦል ሲበግን ዳዊት የሚጠራለት በገና ሊደረድርለት አልነበረም? ያርፍም ነበር። አንድ ቀን ደግሞ እየደረደረለት ሳለ ጦር ወረወረበት። ለበገነ ሰው ሁልጊዜ አይሠራም ማለት ነው።

ልጅ ሳለሁማ በገና ማለት የገና ዕለት መሣሪያ ነበር፣ በቃ። «በገና እንመጣለን» ያሉን እንግዶች ባዶ እጃቸውን ሲመጡ የት ጥለውት መጡ ብዬ ደጅ ድረስ ወጥቼ አይቻለሁ። ቆይቶ ደግሞ ድምፁን የምሰማው በዐቢይ ጾም ሆነና ጭራሽ ተምታታብኝ።

ድምፁን የምወደው ጥርት ስለማይል ነው። ጅማቱ በርኩማው ላይ፣ ማለትም ጅማቶቹን ደግፎ በሚይዘው እንጨት ላይ፣ በሚያርፍበት ቦታ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፣ እንዝራ ይሏታል። ያ ሆድ ውስጥ ገብቶ የሚነዝረው ድምፅ የእሷ ሥራ ነው። አውጧትና ስሙት፣ ክራር ሊመስላችሁ ምንም አይቀረው።

አባቶች ለእያንዳንዱ ክፍሉ ምሥጢር ሰጥተውታል። ሁለቱ ምሰሶዎች ብሉይና ሐዲስ፣ ዐሥሩ አውታር ዐሥርቱ ትእዛዛት። እዚህ ላይ ነው የተያዝኩት። በጣት የሚደረድሩት ብዙዎቹ ዜማውን የሚያወጡት በስድስቱ ብቻ ነዋ! የቀሩት አራቱ የጣት ማረፊያ ናቸው። ተወጥረው፣ አምረው፣ ዝም። ዐሥሩም የሚናገሩት በቀንድ ወይም በእንጨት መምቻ ሲመታ ነው፤ የዚያ አመታት ስሙ ደግሞ «ግርፍ»። ይሄን ሳስብ ብቻዬን ሳቅሁ። ያለ ግርፍ ስድስቱን፣ በግርፍ ዐሥሩን። እኔን አይተው ያወጡት ሕግ ይመስላል።

ቆይ ግን፣ ጣት የሚያርፍባቸው አራቱ የትኞቹ ናቸው? «አትስረቅ» አለበት? «አባትህንና እናትህን አክብር»ስ? አትግደልን ለጊዜው እየመታሁ ነው፣ ስልኩ እንደገና ካልጮኸ። «በሐሰት አትመስክር» ግን... «ደህና ነኝ» ማለት እዚያ ውስጥ ይገባል እንዴ?